ለምን የማይባልበት ችሎት

ከሁለት ወንዞች ማዶ ያለ አገር ነው። ስሙን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅም ከነገሩ ይደርስበታልና እኔ አልጠራውም። እንደ ማንኛውም አገር ንጉሥ ነበረው፣ ገበያ ነበረው፣ ሌባም ዳኛም ነበረው። ከሌላው የሚለየው በችሎቱ ነው።

በዚያ አገር ችሎት «ለምን» የሚል ቃል አይነገርም። ወደ ግቢው የሚገባ ሁሉ፣ ከሳሽ ይሁን ተከሳሽ፣ ምስክር ይሁን ወሬ ሊሰማ የመጣ፣ በሩ ላይ ቆሞ «ለምን አልልም» ብሎ ይምላል። የሚያስምለው ምናሉ የሚባል አጋፋሪ ነበር። ምናሉ ረጅም ዘንግ ይዞ በሕዝቡ መካከል ይመላለሳል፤ ቃሉ ያመለጠውን ሰው ትከሻው ላይ ዘንጉን ያቀምሰዋል። ሰዉ ከመልመዱ የተነሣ፣ ልጅ በቤቱ እንኳ «ለምን» ያለ እንደሆነ እናቱ መጀመሪያ የምታየው ደጁን ነበር።

ሽማግሌዎቹ ዳኞች ስለዚህ ደንብ ሲጠየቁ መልስ አያጡም። «ፍርድ እንደ ዝናብ ነው» ይላሉ። «ዝናብን ስለ ዘነበ የሚሞግተው የለም። ምክንያቱን የተናገረ ዳኛ ነገ ይከራከሩታል።»

የአፈራረዱም ሥርዓት እንዲህ ነው። ዳኛው ክሱን ይሰማል፣ ምስክሩን ይሰማል፣ ከዚያ ተነሥቶ ከወንበሩ በስተኋላ ወደተጋረደው ጥቁር መጋረጃ ይገባል። ሕዝቡ አንገቱን ይደፋል። ዳኛው ጥቂት ቆይቶ ይወጣና «ጥፋተኛ» ወይም «ነፃ» ይላል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም። ጥፋተኛ ካለ የተከሳሹን ፊት ይመለከታል። ያለቀሰ እንደሆነ ኅሊናው ወቅሶታልና በእውነት ጥፋተኛ ነው ይባላል። ያላለቀሰ እንደሆነ ልቡ ደንድኗልና ቅጣቱ ይከብዳል። የከባዶች ከባድ ወደ ጨው ምድር መላክ ነው። ከዚያ ተመላሽ ጥቂት ነው፤ የሚመለሰውም የነጩ ምድር ነጸብራቅ ዓይኑን ወስዶበት በሰው እጅ እየተመራ ነው።

ዳኛው ከመጋረጃው ኋላ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ አልነበረም። ይጸልያል የሚሉ ነበሩ። ንጉሡ ራሱ በምሥጢር ተቀምጦ ያዝዘዋል የሚሉም ነበሩ። በክረምት ቅጣቱ እንደሚጠና፣ በበጋ ደግሞ ላላ እንደሚል ያስተዋሉ ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ ግን ለማን ይንገሩት? ሰሚው የማን ጆሮ እንደሆነ አይታወቅም። ጎረቤት ጎረቤቱን፣ ወንድም ወንድሙን ሲጠረጥር ብዙ ዘመን አልፏል።

በከተማው አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ቃጫ ፈትላ ገመድ እየገመደች ለገበያ የምታወጣ፣ እጇ ፈጣን፣ ምላሷም ከእጇ የማያንስ ሴት ናት። ባሏ ቢተው ዝምተኛ ሰው ነው። ቤታቸው ከመንግሥት ጎተራ አጥር ጋር የተያያዘ ነበር። ያ ጎተራ ለክፉ ቀን የሚሰበሰበው እህል የሚቀመጥበት ነው፤ ሹሙም አጥናፉ ይባላል።

አንድ ዓመት ዝናቡ ዘገየ። የገበያው እህል እሳት ሆነ። ሰዉ ጎተራው በር ላይ እየቆመ «መቼ ነው የሚከፈትልን?» ይላል። አጥናፉም «እህሉስ ሞልቶ ወለሉን ሊያፈርሰው ነው፤ ነገር ግን ክፉው ቀን ገና አልመጣም» እያለ ይመልሳቸዋል። አንጓች ከገበያ ስትመለስ ይህን ሰማችና ቆም አለች።

«እንዲያው ጌታው» አለችው፣ «ጎተራው እንዲህ ከሞላ አይጦቹ ምን አጥተው ነው ከእርስዎ ግቢ እየተሰደዱ እኔ ቤት የሚገቡት? የእኔ ቤት እኮ ከቃጫ በቀር ምንም የለው።»

ሰዉ ሳቀ። አጥናፉ አልሳቀም።

ሌላ ገበያ ሳይውል፣ አንድ ቀን ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ጎተራው ተቃጠለ። የሰፈሩ ሰው በእንስራም በቅልም ውኃ እያመላለሰ ቢረባረብ አልተቻለም፤ ጣሪያው ወደ ውስጥ ወደቀ። አንጓችም ከሰዉ ጋር ስትሮጥ ፊቷ ጥላሸት ለብሶ ነበር። በማግስቱ ወታደሮች መጥተው እጇን አሰሩ፤ ያሰሩባትም ገመድ ከግድግዳዋ ላይ ያወረዱት፣ ራሷ የገመደችው ነው። የጎተራው ዘበኛ ደባስ «ችቦ ይዛ ስትሮጥ አይቻታለሁ» ብሎ መስክሮባታል።

የችሎቱ አለቃ ዳኛ ጓንጉል ነበር። ፀጉሩ የነጣ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ማንም ሲቆጣ አይቶት የማያውቅ ሰው ነው። ይህን ክስ ግን ራሱ አልያዘውም። ከሩቅ ወረዳ የመጣ፣ የድንበር ጠብ ሲያስታርቅ የኖረ፣ አለኸኝ የሚባል አዲስ ዳኛ ተሹሞ ነበርና ለእሱ ሰጠው። አለኸኝ በከተማው ዘመድም ወዳጅም የለውም።

«ልጄ» አለው ጓንጉል ትከሻውን ይዞ፣ «ቀላል ነገር ነው የሰጠሁህ። ምስክሩን ስማ። ከዚያ ወደ መጋረጃው ግባና ጆሮህን ክፈት፤ አፍህን ዝጋ። አንድ ጊዜ ከሰማህ ነፃ ነው፣ ሁለት ጊዜ ከሰማህ ጥፋተኛ ነው፣ ረዘም ካለ ጨው ምድር ነው።»

«ምኑን ነው የምሰማው ጌታዬ?»

«ስትገባ ታውቀዋለህ።»

አለኸኝ ይህን ንግግር አልወደደውም። በቀላል ነገር ላይ ይህ ሁሉ ምክር ምን ያደርጋል ብሎ በልቡ ያዘው።

በችሎቱ ቀን ግቢው ጢም ብሎ ሞላ። አጥናፉ ከፊት ተቀምጧል። ቢተው ከኋላ ቆሟል። ደባስ ቀርቦ የሚያውቀውን ከተናገረ በኋላ ዳኞች እንደ ልማዳቸው ሊነሡ ይገባ ነበር፤ አለኸኝ ግን አልተነሣም።

«እሳቱ ሲነሣ አንተ የት ነበርህ?» አለው።

«በምሥራቁ በር ነበርኩ ጌታዬ። ገብስ የጫኑ አህዮች እያስገባሁ።»

«እሷስ በየት ወጣች?»

«በምዕራቡ በር።»

«ከምሥራቁ በር ሆኖ የምዕራቡ ይታያል?»

ደባስ ወደ አጥናፉ ዞር አለ። አጥናፉ መሬት መሬት ያያል። «መካከል ላይ ጎተራው አለ» አለ ደባስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እንግዲያ ጎተራውን አሻግረህ አየሃት ማለት ነው።»

ከሕዝቡ መካከል ጉርምርምታ ተነሣ። ምናሉ ዘንጉን ከፍ ሲያደርግ ጸጥ አለ። አለኸኝ ወደ አንጓች ዞረና የምትለው ካላት እንድትናገር አዘዘ።

«ጌታዬ፣ እህል ሲቃጠል ይሸታል» አለች። «አንዲት ሴት ቆሎ ቢያርርባት ሰፈሩ ሁሉ ያውቅባታል። ያን ቀን ግን እኔን የሸተተኝ ሣርና እንጨት ብቻ ነው። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ እዚያ ነበር። አፍንጫ ያለው ይመስክር።»

ማንም አልመሰከረም። ሁሉም እዚያ ነበር፤ ሁሉም አሽትቷል። ግን እያንዳንዱ አጠገቡ የቆመውን ሰው በዓይኑ ጥግ እያየ ዝም አለ።

አለኸኝ ተነሥቶ ወደ መጋረጃው ገባ።

ክፍሉ ጠባብና ጨለማ ነው። ግድግዳው ውኃ ያዘለ፣ ሻጋታ የሚሸት። በአንድ አሮጌ ወንበር ላይ ጋቢ የተከናነበ ሽማግሌ ተቀምጧል። ሽማግሌው ቀና ብሎ አየውና አፉን በጋቢው ሸፍኖ ሁለት ጊዜ ሳለ። ጥቂት ቆየና ሦስተኛው ሳል መጥቶ ደረቱን እያንዘፈዘፈ ለረጅም ጊዜ አልለቀው አለ።

አለኸኝ የጓንጉል ምክር አሁን ገባው። ሁለት ጊዜ፤ ከዚያም ረዘም ያለ። ሆኖም ከመውጣት ይልቅ ጎንበስ ብሎ «አባቴ፣ እርስዎ ማን ነዎት? ትእዛዙስ ከማን ነው?» ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀ።

ሽማግሌው ተገረመ። «ድንቁ እባላለሁ። የምን ትእዛዝ?»

«አሁን የሳሉት።»

«ሳል እኮ ሳል ነው ልጄ። ግድግዳውን አታየውም? ክረምት ሲሆንማ ትንፋሽም የለኝ።»

«ታዲያ እዚህ የተቀመጡት ለምንድን ነው?» አለኸኝ ቃሉን ከአፉ ካወጣው በኋላ ደነገጠ፤ ከዚህ መጋረጃ ኋላ ግን ዘንግ የያዘ ሰው አልነበረም።

አያ ድንቁ ጋቢውን አስተካከለ። «የአሁኑ ንጉሥ አያት ነው ያስቀመጠኝ። 'በየፍርዱ የምለውን እነግርሃለሁ፤ አንተ ለዳኞቹ ትነግራለህ' አለኝ። ሳይነግረኝ ሞተ። ልጁም ነገሠ፤ አልጠራኝም። የልጅ ልጁ መኖሬንም አያውቅ። ምሳዬ ግን አይቋረጥም፤ ስለዚህ ተቀመጥኩ።»

«ለዳኞቹ አልነገሯቸውም?»

«ነግሬ ነበር። 'ጌቶቼ፣ የታዘዝኩት ነገር የለም' አልኳቸው። ጓንጉል ያን ጊዜ ጎልማሳ ነበር፤ ሣቅ ብሎ 'እየፈተነን ነው' አላቸው። ከዚያ ወዲህ ይገባሉ፣ አጠገቤ ይቆማሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ይወጣሉ። እኔም ዝም አልኩ።»

አለኸኝ የሽማግሌውን ፊት አተኩሮ ተመለከተ። ይህም ሰው ቢሆን እየፈተነው እንደሆነ በምን ያውቃል? እውነት ቢሆን እስከ ዛሬ ወደ ጨው ምድር የሄደው ሰው ሁሉ በእርጥብ ግድግዳ ምክንያት ሄደ ማለት ነው። ሐሰት ቢሆን ደግሞ ዛሬ ትእዛዝ የጣሰ ዳኛ ነገ የት እንደሚያድር አይታወቅም። የትኛው እንደሚያስፈራው ለራሱም ግልጽ አልሆነለትም። በመጨረሻ ያሰበው ስለ ሽማግሌው አይደለም፤ ጎተራውን አሻግሮ ስላየው ስለ ደባስ አሰበ። ያን ሊያምነው አልቻለም።

ወጣና «አንጓች ነፃ ናት» አለ። እንደ ደንቡ ሌላ ቃል አልጨመረም።

በዚያው ቀን ጓንጉል ወደ ክፍሉ ጠራው። «ስንት ጊዜ ሳለ?» አለው።

«ሁለት ጊዜ። ከዚያም ረጅም ሳል ሳለ።»

ጓንጉል ጺሙን አሻሸ። «እና ነፃ አወጣሃት» አለ።

«ጌታዬ፣ ሽማግሌው ግድግዳው ስለ…»

«ተወው፣ አትንገረኝ» አለ ጓንጉል እጁን አንሥቶ። «የመጣህበትን በር አልጠይቅህም። የሳሉ ትርጉም ከተለወጠ ቀድሞ የሚነገረው ሰው ይኖራል። እኔን ሳይሆን አንተን ከነገሩህ እነሱ ያውቃሉ።»

አለኸኝ ሊያስረዳ ቢሞክር አልሰማውም። በማግስቱ ዳኞቹ ሁሉ የሳሉን ትርጉም ገለበጡት፤ ሁለት ሳል ነፃ፣ አንድ ሳል ጥፋተኛ ሆነ። አማቹን በጠራራ ፀሐይ በጩቤ የወጋ ሰው ተፈትቶ ወደ ሟች ሰፈር እየፎከረ ተመለሰ። በሬው የሰው ማሳ ገባ ተብሎ የቀረበ ምስኪን ደግሞ አላለቀሰም ተብሎ ጨው ምድር ወረደ። አለኸኝ ይህን ሲሰማ፣ ደግ የሠራ መስሎት የክፉውን መልክ ብቻ እንደለወጠ ገባው።

አንጓችም ቤቷ ብትገባ ደስ ብሎት የሚቀበላት አላገኘችም። ጎረቤቶቿ ሰላምታዋን ጎንበስ ብለው ይመልሳሉ፤ ቀና ብሎ የሚያያት ግን የለም። ገበያ ስትወጣ ገመዷን የሚከራከራት ጠፋ፤ የጠራችውን ከፍለው በጥድፊያ ይሄዳሉ። ከጨው ምድር በምክንያት የዳነ ሰው በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም፤ የዳነ ሁሉ ከኋላው ሰው አለው። ከሁሉ የባሰው የቢተው ነገር ነው። አንድ ቀን እህል ቀርቦላቸው ሳለ እጁን ሰብሰብ አደረገ።

«ማን ነው?» አላት።

«ማን ማን ነው?»

«ያስፈታሽ ሰው። እንዴትስ አወቅሽው? ቁርጡን ንገሪኝና ይውጣልኝ።»

አንጓች ነጠላዋን አጣፍታ በቀጥታ ወደ ዳኛ አለኸኝ ቤት ሄደች። አለኸኝን በረንዳው ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘችው። ከመቀመጫው ሊነሣ ሲል እሷ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች።

«ጌታዬ፣ ላመሰግንዎ አልመጣሁም» አለችው። «ቢፈርዱብኝ ኖሮ ባሌ ያለቅስልኝ ነበር። አሁን አጠገቤ አይተኛም። ነፃ ናት አሉ፤ ከምን ነፃ እንደሆንኩ ግን ለሰዉ አልነገሩም።»

«ምን ላድርግልሽ?»

«ያመኑኝ ስለ ምን እንደሆነ በሰው ፊት ይናገሩልኝ። ያላመኑኝ ከሆነና ሰው አዝዞዎት ከሆነም ይንገሩኝ። ልወቀው።»

«ማንም አላዘዘኝም» አላት። «እንዲህ ስል የመጀመሪያዋ ሰሚ አንቺ ነሽ፤ አንቺም የምታምኚኝ አይመስለኝም።»

«እኔ ከሰማሁት ይልቅ ያየሁትን ነው የማምነው» አለች አንጓች፣ ተነሥታም ሄደች።

በሚቀጥለው የችሎት ቀን አለኸኝ ተራው ሳይሆን ወደ ወንበሩ ወጣ። ቀጥሎም ከመጋረጃው ኋላ ገባ። ሕዝቡ አንገቱን ደፋ። ዳኛው ሲወጣ ግን ብቻውን አልነበረም፤ አያ ድንቁን ክንዱን ይዞ እየደገፈ ነበር። በፀሐዩ በኩል በርጩማ አስቀምጦ አሳረፈው። ሽማግሌው ዓይኑን በእጁ ጋርዶ ሕዝቡን አየ፤ ሕዝቡም እሱን አየ። አንዲት ሴት «ይኸው ነው?» ስትል ተሰማ።

«እኚህ አባት ምንም የታዘዙት ነገር የለም» አለ አለኸኝ። «ቢታዘዙም ባይታዘዙም እኔ የፈረድኩት በእሳቸው አይደለም። አንጓችን ለምን ነፃ እንዳወጣኋት እነግራችኋለሁ።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ምናሉ ዘንጉን አነሣ። ዳኛ ተመትቶ አያውቅምና ክንዱ እንደተሰቀለ ቀረ። አለኸኝም ንግግሩን አላቋረጠም። ደባስ የቆመበትን በርና አየሁት ያለውን በር ተናገረ። በመካከሉ ስላለው ጎተራ ተናገረ። የአይጦቹን ነገር፣ ያልሸተተውን እህል፣ ከዚያ ሁሉ አመድ ውስጥ አንዲት ያረረች የገብስ ፍሬ ይዞ የቀረበ ሰው አለመኖሩን ተናገረ። «ይህ ነው ምክንያቴ» አለ። «የተሳሳትኩ ከሆነ እዚሁ ቆማችሁ ንገሩኝ።»

ከዚያ ከኋላ የቆመው ቢተው፣ በሰው ፊት ተናግሮ የማያውቀው ሰው፣ «እኔንም አልሸተተኝም» አለ። «እዚያ ነበርኩ። ውኃ አመላልሻለሁ። የእህል ሽታ አልነበረም።»

«እኔንም» አለ አንድ ሰው። «እኔንም» አለች ሌላዋ። ከፊት የተቀመጠው አጥናፉ ዙሪያውን ሲመለከት አጠገቡ የነበሩት ሰዎች ፈቀቅ ብለው ብቻውን አስቀርተውት ነበር። ተነሥቶ ወጣ፤ መንገድም አልከለከሉትም።

ቢተው ሚስቱ ወደቆመችበት ሄደ፤ ምንም ሳይላት ጎኗ ቆመ። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ከፊቷም ከኋላዋም ሳይሆን አጠገቧ እንደሄደ ያዩ ሰዎች ያወራሉ።

እንደ አለኸኝ ያለ ዳኛ በዚያ አገር አይቀጣም፤ ይሾማል። ባለ ማኅተም ሹመት መጣለት። ከምድረ በዳው ጫፍ ሰው የማይኖርበት፣ አልፎ አልፎ የሚያልፍ ሲራራ ነጋዴ ብቻ የሚያርፍበት አገር ዋና ዳኛ ሆነ። ጓንጉል እስከ ከተማው በር ሸኘው፤ «ትልቅ ክብር ነው ልጄ» ብሎም ሳመው። አለኸኝ በበቅሎው ሄደ። እዚያ ምን እንዳጋጠመው የሚያወራ ሰው ብዙ ነው፤ ወሬው ግን አይገጥምም። አጥናፉም አልተከሰሰም፤ አዲሱን ጎተራ እንዲያሠራ ታዘዘ። ብቻ እህሉ በገባ ቁጥር የሰፈሩ ሰው ሥራውን ትቶ መጥቶ በሩ ላይ እየቆመ ያይ ጀመር። ምንም አይናገሩም፤ ያያሉ።

መጋረጃው ወደ ቦታው ተመለሰ። አያ ድንቁ ግን ወደዚያ ክፍል አልመለስም አለ፤ አንድ የእህቱ ልጅ ወሰደው። ዳኞቹ ወደ ባዶው ወንበር መግባታቸውን አልተዉም። ምን እየሰሙ እንደሚወጡ የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው።

ጥቂት ጊዜ አለፈ። አንድ የበቅሎ ሌባ ጓንጉል ፊት ቀረበ። ፈረደ ይባላል፤ ሌብነቱን ያገር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሰው ነው። ምስክሮቹ ተናግረው ጨረሱ። ጓንጉል የወንበሩን እጀታ ይዞ ሊነሣ ሲል ተከሳሹ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ።

«ጌታዬ፣ ከመግባትዎ በፊት ለምን እንደሚፈርዱብኝ ይንገሩኝ» አለ።

ምናሉ ዘንጉን አጥብቆ ያዘ። ወደ ሕዝቡ ተመለከተ። ሕዝቡም አንገቱን ሳይደፋ ቀጥ ብሎ ያየው ነበር። ምናሉ ዘንጉን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ ተመረኮዘው።

ጓንጉል ከወገቡ ጎንበስ እንዳለ ቆየ። ወደ መጋረጃው ተመለከተ፣ ወደ ሌባው ተመለከተ። ከዚያ ሽማግሌው ዳኛ ተመልሶ ተቀመጠ። «የበቅሎዋን ባለቤት ጥሩልኝ» አለ፤ «ያለውን እንደገና ልስማው።»

ባለቤቱ መጣ። በቅሎዋ በሌባው በረት እንደተገኘች፣ የጆሮዋ ምልክት የእሱ እንደሆነ አስረዳ። ጓንጉል ሌባውን ስለ ምልክቱ፣ በቅሎዋንም ከየት እንዳመጣት ጠየቀው፤ መልስ አጣ። «ጥፋተኛ ነህ» አለው ጓንጉል። «ምክንያቱም በቅሎዋ በአንተ በረት ተገኝታለች፤ ከየት እንዳመጣሃትም መናገር አልቻልክም።» እንዲህ ሲል ድምፁ እንደ ቀድሞው ለስላሳ አልነበረም፤ አዲስ ቋንቋ እንደሚማር ሰው ይደናቀፍ ነበር። ሌባው አለቀሰ አላለቀሰ ብሎም ፊቱን አላየም። በቅሎዋን ከነኪሣራዋ እንዲመልስ፣ እስከ መኸር ድረስም ለባለቤቷ እንዲያርስ ፈረደበት።

ሌባው ሲወጣ አንድ ዘመዱ ተጠግቶ «በደሉህ?» አለው።

«የለም» አለ ፈረደ። «ወስጃታለሁ እኮ።»

ያን ቀን ሰዉ ከግቢው ሲበተን እስከ ሰፈሩ ድረስ ያወራ የነበረው ስለ ሌባው ነው። ዳኛውን ማን አዝዞት ይሆን ብሎ የጠየቀ አልነበረም።